ቫርኒሹ የሸሻቸው ቦርዶች

ከባምባሲ ልነሳ ባደርኩበት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት በፌስታል ጠቅልላ ሹራቤ ውስጥ ሸጎጠች። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብርድ አገር እጅ ይሰነጥቃል አሉ» አለችኝ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ለፋብሪካ ሥራ ፖላንድ መሄዴ አባቴን አላስደሰተውም፤ ግን አልከለከለኝም።

የእጁ ነገር እውነት ነበር። አከራዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ማሞቂያውን ዝቅ አድርገው «ከአፍሪካ ሙቀት ይዘሽ መጥተሽ የለ?» አሉኝ። እንደ አገራችን ወግ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እንደ ስምምነት ቆጠሩት። በሁለተኛው ወር ጣቶቼ ሲሰነጠቁ ጠዋት ጠዋት ዘይቱን እቀባ ጀመር።

ፋብሪካችን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይሠራል። እኔ የተበየደውን ቦርድ በማጉያ ፈትሼ ለኦክሳና አቀብላለሁ፤ ዩክሬናዊት ናት። እሷ ከእርጥበት የሚጠብቀውን ቫርኒሽ ትረጭበታለች። ሁለት ወር እንደሠራሁ ቫርኒሹ ጎደሬ ቅጠል ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሽ ጀመር።

ኃላፊያችን ፓኒ ቤያታ፣ በእኛ አነጋገር ወይዘሮ ቤያታ፣ ኦክሳና ላይ ጮኸች። «አቅጥነሽዋል!»

«እንደ ሁልጊዜው ነው የቀላቀልኩት።»

«እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ውልሽ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ያን ቀን ጓንቴን ሳጠልቅ ጣቶቼን አየሁ። ጓንቱን በወዛም እጄ ከውጭ በኩል ነበር የምስበው፤ ዘይቱ ከጓንቱ ወደ ቦርዱ ይተላለፋል ማለት ነው። በማግሥቱ ዘይት ሳልቀባ ገባሁ፤ ቫርኒሹ አልሸሸም። ለመናገር ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ከሥራ ከወጣሁ የመኖሪያ ፈቃዴም ያበቃል።

ሐሙስ ምሳ ላይ ፓኒ ቤያታ ቢሮ ገብቼ ነገርኳት።

«ዘይት? የሚበላ ዘይት?»

«አዎ፣ የሰሊጥ።»

«ቦርዱ ሰላጣ መሰለሽ?»

የሙከራ ጊዜዬን ሦስት ወር ጨመረችብኝና፣ ለኦክሳናም አንቺው ንገሪያት አለችኝ። ስነግራት ኦክሳና መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ግን «አውቀሽ ሁለት ቀን ዝም አልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።  ዓርብ ቀኑን ሙሉ ቦርዱን ፊቷን አዙራ ነበር የምትቀበለኝ።

እሑድ ለአባቴ ደወልኩና አንዲት ጓደኛዬ ከሥራ ልትወጣ ነበር፣ ተረፈች አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«እኔም እየሠራሁ ነው፣ አባ።»

ሥራው እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ባምባሲ ዝናብ መጣሉን ነግሮኝ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።