ከአማቴ ጋር ቀስት ስንሠራ

አማቴ ወደ ቤታችን የገቡት በባለቤቴ ትከሻ ላይ ተደግፈው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸኮ አካባቢ ባለው መንደራቸው ቀፎ እየሰቀሉ፣ ማር እየቆረጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ዛፍ ላይ ሊወጡ ገመዳቸውን ሲያዘጋጁ ቀኝ ጎናቸው ድንገት ከዳቸውና እዚያው ዛፉ ሥር ወደቁ። ሚዛን ሆስፒታል ሲደርሱ ስትሮክ ነው ተባለ። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን ጣቶቹ እንደታጠፉ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ያኔ የምንኖረው ቴፒ ከተማ ዳር፣ ከጓሮዋ ትንሽ የቡና ማሳ ባላት ቤት ውስጥ ነው። ሞባይል ስልክ ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን ነበር። ባለቤቴ ቡና የሚጭን አይሱዙ ስለሚያሽከረክር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ኔትወርክ ባገኘበት ሁሉ እየደወለ ስለ አባቱ ይጠይቀኛል። እኔ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እናም አማቴና እኔ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንውላለን።

ችግሩ መነጋገሩ ላይ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ወላጆቼ ግን በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከሰሜን የመጡ ናቸው። የሸኮ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። እሳቸውም አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው። ከታመሙ ወዲህ ደግሞ ያችኑም ቆጠቡ።

የሆስፒታሏ ባለሙያ የስፖንጅ ኳስ ሰጥታን በየቀኑ ደጋግመው እንዲጨብጡት አዝዛ ነበር። ስሰጣቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩትና አጠገባቸው አስቀመጡት። በማግስቱ ዶሮዎቹ ሲቦጫጭቁት አገኘሁት። ለምን እንዳልሞከሩት ስጠይቃቸው፣ ጨብጬ ምን እሠራበታለሁ አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ዕድሜውን ሙሉ ገመድና መጥረቢያ ለያዘ እጅ ባዶ ስፖንጅ መጨበጥ ምን ደስታ ይሰጣል?

ባለቤቴ በፊተኛው ዓመት ያረጀውን ቡናችንን ጎንድሎት ስለነበር ከየጉቶው ቀንበጥ እንደ ጉድ በቅሏል። አንድ ቀን ከየጉቶው ጠንካራ ጠንካራውን ትቼ የተረፈውን እየቆረጥኩ ለማገዶ እንዲሆን በረንዳው ሥር መከመር ጀመርኩ። ቀና ስል አማቴ በግራ እጃቸው አንድ ረዥም ቀንበጥ ይዘዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጣሉትና ሌላ አነሱ። እሱንም አይተው ጣሉት። ሦስተኛውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“አባባ፣ ምን እየፈለጉ ነው?” አልኳቸው።

“ቀስት” አሉኝ።

በዚያች በቁጥብ አማርኛቸው፣ ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ የበቆሎ ማሳ የሚጠብቁት በደጋንና በቀስት ነበር። ቀስቱን የሚሠሩት አባታቸው ናቸው፤ እሳቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይልጡ፣ ያቀኑ ነበር። ጠመንጃ ሲበዛ የቀስት ሥራ ቀረ። አባታቸውም ሞቱ። ራሳቸው ብቻቸውን አንድ ቀስት እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠርተው አያውቁም።

ከታመሙ ወዲህ ይህን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ፣ “እንግዲያው እንሥራ፤ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እቆርጣለሁ” አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ስለ ቀስቱ ግድ አልነበረኝም። ዝም ብለው እንዳይቀመጡ ብዬ ነው።

ያን ቀን የመረጥናቸውን ቀንበጦች ወዲያው ልጬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ግማሹ ተሰነጠቀ፣ ግማሹ እንደ ቀንድ ተጣመመ። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጣጩ ሳይነሳ ጥላ ውስጥ መክረም እንዳለበት ያስታወሱት ያኔ ነው። ሌላ ቆርጠን እንደ ችቦ አጥብቀን አሰርንና ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ሰቀልነው። ምግብ ባበሰልኩ ቁጥር እሳቸው ቀና ብለው ያዩታል። ልናወርደው ስንል፣ “ገና ነው” ይሉኛል።

ሲደርቅ ማቃናቱ ተጀመረ። የጎበጠውን ቦታ ፍም ላይ እያገላበጡ ማሞቅ፣ ከዚያ ሳይቀዘቅዝ በሌላ በኩል መግፋት ነው። እኔ ቸኩዬ ስገፋ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ብዙ ሰበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱን ከፍሙ አውጥቼ በሁለት እጄ ይዤ ሳለ ሦስተኛ እጅ አስፈለገኝ፤ ጫፉ እየዞረ አስቸገረኝ። አማቴ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አነሱትና እንደ ዕቃ ዘንጉ ላይ አኖሩት። ከዚያ ጣቶቹ ሲጠብቁ አየሁ። ደካማ ነው፤ ግን ይዟል። ዘንጉ ቀና። እኔ እንባዬ እንዳይታይብኝ ዞሬ ፍሙን ቆሰቆስኩ።

ከዚያ ወዲያ ማሳሰብ አላስፈለገኝም። ጠዋት ቁርሳቸውን እንደበሉ ዘንግ ይጠይቁኛል። ዘንጉን በታመመው እጃቸው ብብታቸው ሥር አጥብቀው በግራቸው በስባሪ ጠርሙስ ይፍቁታል፣ ከአንጓ እስከ አንጓ። የማይተጣጠፍ ወፍራም ዘንግ እንደማይበር፣ በጣም የሚተጣጠፍም እንደዚያው እንደሆነ አሳዩኝ፤ ዘንጉን መሬት ላይ ተክለው በመዳፋቸው ጫን ይሉታል፤ መልሶ ሲገፋቸው ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ። ጫፉ ላይ ምስማር ቆርጠን ሰካን። ከኋላ ደግሞ የደጋኑ ገመድ የሚያርፍበትን ስንጥቅ በመጋዝ ምላጭ አወጣሁ።

ባለቤቴ ሲመጣ አየንና ሳቀ። የልጅ ጨዋታ መስሎት ነበር። ሆኖም በቀጣዩ ጉዞው ሸኮ ጎራ ብሎ፣ ከአጎቱ ቤት ጣሪያ ሥር ሲጠቁር የኖረ የቀርከሃ ደጋን ይዞልን መጣ። የተበጠሰውን ገመዱን በጠፍር ተካን።

የቀረን ላባ ነበር። ለፋሲካ ከታረደው አውራ ዶሮ ሁለት ክንፎች ያስቀመጥኩት ላባ ነበረኝ። መሃል ለመሃል ሰንጥቄ በየዘንጉ ጀርባ ሦስት ሦስት በሰም ለጠፍኩና በስፌት መኪና ክር ጠመጠምኩ። ከሙዝ ግንድ ዒላማ አቆምን። አንዱን ቀስት በደጋኑ ወረወርኩት። ቀስቱ አየር ላይ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደና ጎረቤት አጥር ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አማቴ ቀስቶቹን ሰብስቤ ሳመጣላቸው ላባውን በጣታቸው ነካኩና ፊታቸው ጠቆረ።

“አባቴ ነግሮኛል፤ ጠፋብኝ” አሉ።

ያን ቀን ምሳም አልበሉ። ሕመሙ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን አባታቸውንም የወሰደባቸው መሰላቸው። የተረፈውን ላባ ሁሉ አምጥቼ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁና እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። ላባ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ጎበጥ ይላል። ግን ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ። እኔ ደግሞ በቀን ስንት እጅጌ የምቆርጥ ሰው ነኝ፤ ሁለት የግራ እጅጌ አንድ ሸሚዝ ላይ ተሰፍቶ ቢመጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንዱን ያልተጨረሰ ሸሚዝ አንስቼ የግራውን እጅጌ በቀኙ በኩል አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ ላባዎቹን አሳየኋቸው።

መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቀጥሎ ገባቸውና ሳቁ፤ ድምፅ አውጥተው። “አንድ ክንፍ” አሉ፣ “አዎ፣ አንድ ክንፍ!” የአንድ ቀስት ላባ ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን ነበረበት። አባታቸው የነገሯቸው ይህንኑ ነው።

አሁንም ግን ክሩ አስቸገረ። የስፌት መኪናው ክር የሚያሟልጭ ስለሆነ ሰም አይዝም፤ ስናጠብቀው ደግሞ ላባውን ይቆርጠዋል። አማቴ የጥጥ ፈትል ነው የሚያስፈልገው አሉ። ፈትል ደግሞ ያለው እናቴ ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። ካገባሁ ጀምሮ ቤቴን ረግጣ አታውቅም ነበር። የሌላ አገር ሰው፣ ያውም ጴንጤ አገባች ብላ አዝናለች። እኔ በየበዓሉ ሚዛን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ በደንብ ታስተናግደኛለች፤ ስለ ባሌና ስለ ቤተሰቡ ግን አንድም ቃል አታነሳም። እኔም አላነሳባትም።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። እናቴ መስኮቱ ሥር እንዝርቷን እያሾረች ነበር። ፈትል ስጠይቃት ለጋቢ መስሏት ደስ አላት። ለቀስት ነው አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ቀንበጡ፣ ዘንጉን ስለያዘው እጅ። እንዝርቷን አቁማ ሰማችኝ። አባቴም ከመሞቱ በፊት እንዲሁ አልጋ ላይ ሰንብቶ ነበርና ነገሩን ታውቀዋለች።

“አሁን ምን ያዝናናቸዋል?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ይኸው ነው” አልኳት።

አንድ ልቃቂት ሰጠችኝና ሌላ ነገር ሳንነጋገር ተለያየን። ልቃቂቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ ሚኒባስ ቆመ። እናቴ ናት። በአንድ እጇ ጥላ፣ በሌላው ጥጥና እንዝርት የያዘ ሙዳይ። ደንግጬ ስነሳ አማቴ ቀደሙኝ።

“አንቺ፣ ክር አመጣሽ?” አሏት።

እናቴን ከቄሱ ጀምሮ “እርስዎ” የማይላት ሰው የለም። አማቴ ደግሞ በአማርኛ ማንንም አንቱ ብለው አያውቁም፤ ንጉሥ ቢመጣም “አንተ” ነው የሚሉት። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ወደድኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

“አመጣሁ። ምን ዓይነት ልፍተልልዎት?”

“ቀጭን። የማይበጠስ።”

ቀኑን ሙሉ ፈተለች። እሳቸው ክሩን በሰም እያሹ ያቀብሉኛል፤ እኔ እጠመጥማለሁ። እናቴ አድሬ እሄዳለሁ ብላ ሳምንት ቆየች። ጾም ስለነበር አማቴ ከመንደራቸው ማር አስመጡላት። እሷም ምግብ ሲቀርብ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ጸልየው እስኪጨርሱ እጇን ሰብስባ ትጠብቅ ጀመር።

ቀስቶቹ ባለቁ ቀን ባለቤቴም ቤት ነበር። አማቴ ራሳቸው ካልወረወርኩ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ደጋኑ ላይ አስይዤ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ አሰርኩት። በግራቸው ጠፍሩን ሳቡ። ብዙ አልሳቡም፤ አቅም የለም። ቀስቱ ሄዶ ከሙዙ ግንድ ፊት ሣር ላይ ወደቀ። ግን ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ ነበር የሄደው። ወንበሩን ወደፊት አስጠጋንላቸው። የሚቀጥለው ቀስት ግንዱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። አማቴ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ባለቤቴን ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። “ከእኛ ጋር ሳይሆን ከአያቴ ጋር ነው የሚያወራው” አለኝ።

እጃቸው ከዚያ በኋላ ስኒ ለመያዝ በቃ፤ ቁልፍ ለመቆለፍ ግን አልበቃም። በዓመቱ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። እኔ ጥሩ ጥሩውን ቀንበጥ እየመረጥኩ እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸው ፍቀው ይመልሱልኛል። እናቴ ፈትል ታቀብላለች። ሦስታችን ሦስት ቦታ ሆነን እንዲህ ስንሠራ ቆየን። ኋላ ሕመሙ ዳግም ተመለሰና በዚያው አረፉ። እናቴ ከሚዛን ተነስታ ሸኮ ድረስ መጣች። ቀብሩ ላይ መዝሙሩን አታውቀውም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእህቶቻቸው መሃል ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች።

ባለቤቴ ሐዘኑ ካለፈ በኋላም ብዙ አይናገርም ነበር። አንድ እሑድ መኪናውን አቁሞ በረንዳው ላይ መጣና አጠገቤ ቆመ። ቆጥ ላይ የከረመ ዘንግ እያወረድኩ ነበር።

“እኔን አላስተማረኝም” አለ። “ያኔ ጊዜ ያለኝ አልመሰለኝም።” ከዚያ ዘንጉን እያየ፣ “ከየት ነው የሚጀመረው?” አለኝ።

በርጩማ ሳብኩለት። አንዱን ዘንግ ሰጥቼ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያየው ነገርኩት። የት ጋ እንደጎበጠ አላየውም። ጣቴን ቦታው ላይ አደረግሁለት፤ ከዚያ ፍሙን ልቆሰቁስ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።