አሥረኛው ደንብ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት የምትሠራውን ሴት ሁሉም «ማዞሪያ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ገና በሃያ ዓመቷ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ የሆስፒታሉን ስልክ ታዞር በነበረበት ጊዜ ነው። ማዋለጃ ክፍል ለሚል ማዋለጃ፣ «ወንድሜ የት ተኝቷል?» ለሚል የተኙትን መዝገብ ለያዘው ሰው ታቀብል ነበር። መልሱን ራሷ ባታውቅ እንኳ ማን ዘንድ እንዳለ ታውቃለች። የስልክ ማዞሪያው ተነቅሎ ሲወጣ፣ አብራ ትወጣለች ሲሏት ከሥራ በኋላ ተምራ ኔትወርክ ክፍል ገባች።

ሥራው ብዙም አልተለየባትም። አሁን ጠያቂዎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ሌላውን በስም ይፈልገዋል፤ አድራሻውን ግን አያውቅም። ስለዚህ «በዚህ ስም የሚያልቅ ጥያቄ ከመጣ ለእገሌ አስተላልፍ» የሚል ደንብ ያስፈልጋል። ሆስፒታሉ ሥርዓቱን ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሩቅ ኮምፒውተር፣ ሲያዛውር ደንቦቹም አብረው መዛወር ነበረባቸው። አሥር ነበሩ።

አጠገቧ የሚቀመጠው መሐንዲስ ሁሉን ነገር በማውዝ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይጨርሳል። እሷ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ትወዳለች። አሥሩን ትእዛዝ በአንድ ፋይል ደርድራ፣ ከእያንዳንዱ በላይ ለምን እንደሆነ በአማርኛ አስፍራለች። «ይህ ለመድኃኒት ክፍሉ ነው።» «ይህ ለደም ምርመራ ነው።»

«እትዬ፣ ትእዛዝ ነው ወይስ ደብዳቤ የሚጽፉት?» አላት መሐንዲሱ።

«ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ነው።»

«ከእርስዎ በኋላ ማን ይመጣል! ስልኩ ሲነቀል እንኳ እርስዎ አልተነቀሉም።»

ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋይሉን አስኬደችው። ጽሑፉ እንደ ዝናብ ወረደ፤ የመጨረሻው መስመር «ተሳክቷል» አለ። መሐንዲሱም ደንቦቹ የነበሩበትን የድሮውን ማሽን አጥፍቶ ዲስኩን ነቀለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። የቀዶ ጥገና ክፍሏ ሲስተር ናት፤ የማዞሪያ የልብ ጓደኛ።

«አንቺ፣ የጭንቅላቱ ሲቲ ስካን አይከፈትም!»

«የማን?»

«ከመወጣጫ የወደቀ ቀለም ቀቢ ነው። ቅርንጫፍ ሆስፒታል በሲቲ ስካን አንስተውት ነው የላኩልን። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዶክተሩ ደሙ የት እንደቋጠረ ሳያይ እንዴት ይክፈተው? ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በላይ በሽተኛው አይጠብቀኝም ብሏል።»

«ቅርንጫፉ ደውሎ አይነግራችሁም?»

«ምስሉን የሚያነብ ሰው የላቸውም። ምስል ደግሞ በስልክ አይወራ ነገር!»

«ስልኩን እንዳትዘጊው» አለቻትና ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ደንቦቹን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፈች። በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ። ደግማ ቆጠረች። ዘጠኝ። የጎደለው የቅርንጫፉ የምስል ማከማቻ ነው።  ጠዋት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር ያየችው፤ በመካከል አንዱ ተቀባይነት አጥቶ ሌሎቹ አልፈውት ሄደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የምስሉን መስመር ከፋይሉ ቀድታ ለጠፈችው። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ስሙ ትክክል አይደለም ይላል። ደገመችው። ቀይ።

«የድሮውን እናብራው?» አለ መሐንዲሱ ከወንበሩ ተነስቶ።

«ዲስኩን ነቅለህ?»

 መሐንዲሱ የስሞቹን ወረቀት አንስቶ ፊደል በፊደል ያነብላት ጀመር። እሷ በጣቷ እየተከተለች «እሺ... እሺ...» ትላለች። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ከስልኩ ውስጥ የዶክተሩ ድምፅ ተሰማ፦

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«ዘጠኝ» አለች ሲስተር።

 ፊደሉ ልክ ከሆነ የቀረው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ስም መጨረሻው ላይ በአንዲት ነጥብ መዘጋት አለበት፤ ነጥቡ አለ። ሆኖም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች፤ ከዚያም ጽሑፉን አጎላችው።

ነጥቡ አንድ አልነበረም። አራት ነበር።

«ይህ ለምስል ማከማቻው ነው» ብላ ከጻፈች በኋላ ኪቦርዱን ከአማርኛ አልመለሰችውም። ስሙን ከድሮው ዝርዝር ቀድታ ለጥፋ ነጥቡን ብቻ በእጇ ጨመረች። ያም በትንሹ ጽሑፍ ተጨፍልቆ እንደ አንድ ይታይ ነበር።

«አይ እኔ» አለች። አራቱን አጠፋች፤ አንዷን ጻፈች፤ ላከችው። ደንቡ ገባ።

«ሲስተር፣ አሁን ሞክሪ!»

«የለም ይላል!»

መሐንዲሱ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ማዞሪያ ግን ገባት። «ኮምፒውተሩ ቅድም የሰማውን ‹የለም› ይዞ ነው። አጥፍተሽ አብሪው።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት?»

«አጥፊው አልኩሽ!» ጮኸች። በሠላሳ ዓመት ጓደኝነታቸው ጮሃባት አታውቅም።

ስልኩ ውስጥ የብረት ዕቃ ሲቀመጥ ይሰማል። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ዶክተሩ «አሥራ አራት ሆነ፣ መላጫ አምጡ፣ በቀኝ እንገባለን» አለ። ከላይ የሚታየው ቁስል በቀኝ በኩል ስለነበር ነው። ማዞሪያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተከፈተ! ዶክተር፣ ተከፈተ!»

 ከዚያ ዶክተሩ ቀስ ብሎ፦ «በቀኝ አይደለም። ግራ ነው። አዙሩት።» መስመሩ ተቋረጠ።

 መሐንዲሱ ሳይጠየቅ ዘጠኙን ደንቦች አንድ በአንድ አጉልቶ ማየት ጀመረ። እሷም ለአለቃዋ ጻፈች፦ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ውጤቱን መስመር በመስመር አላነበብኩም።»

«እንግዲህ አማርኛውን ያጠፉታል» አለ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን ሲባል? ፋይሉ ስህተት ሲያገኝ እዚያው እንዲቆም ነው የማደርገው።»

ምሳ አልበላችም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሁለቴ የተሳሳተ ጥሪ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር ደወለች።

«ነቃ» አለች።

«ይናገራል?»

«ስምህ ማን ነው ስንለው፣ የሚስቱን ስም ነገረን።»

«ምን?»

«‹የእኔን እሷን ጠይቋት› አለና መልሶ ተኛ።»

ማዞሪያ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አልቆም ሲላት መሐንዲሱ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበርና የምን እንባ እንደሆነ አላወቀም።