አባቴ በብሎን ላይ የሚያሰምራት መስመር

የመኪናዬን ካሊፐር ቀይ እንቀባው ብዬ አባቴን የጠየቅሁት ለውበት ብቻ አልነበረም። ለውበትም ነበር፤ አልዋሽም። ስልኬ ላይ የማያቸው መኪኖች ሁሉ በጎማቸው ክፍተት ውስጥ ቀይ ነገር ብልጭ ይልባቸዋል፤ የእኔዋ ያገለገለች ትንሽ መኪና ግን እዚያ ቦታ ላይ ያላት የዛገ ብረት ነው። ዋናው ምክንያቴ ሌላ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሠራበት ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መካኒሳ አቦ ባለው ግቢያችን የጎረቤት መኪና እየነካካ ይውላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት መልሶ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ስቄበታለሁ፣ "አረጀህ በቃ" ብዬ አሹፌበታለሁ። ኋላ ግን ሳቁ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ቢሳሳት እንኳ ማንንም የማይጎዳ ሥራ ልስጠው ብዬ አሰብኩ። ቀለም ምን ያመጣል? ቢዝረከረክ በቲነር ይጠረጋል።

እሱ ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። ፍሬን ይሠራል እንጂ ይኳላል ወይ አለኝ። ካሊፐር ማለት ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ መኪናን የሚያቆም ብረት መሆኑን፣ ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለእሱ መሆኑን እንደ ተማሪ አስረዳኝ። አንቺ ግን ሊፒስቲክ ልትቀቢው ነው አለ። እንዲህ እያጉረመረመ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱታውን ለብሶ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

እኔ ጎማውን አውጥተን ባለበት በብሩሽ የምንቀባው መስሎኝ ነበር። አባቴ "እንደዚያ አይሠራም" ካለ ግን አለቀ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ከሥሯ ወፍራም እንጨት ደገፈ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አወጣ። ካሊፐሮቹን ፈትቶ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ ክብደታቸውን እንዳይሸከም በሽቦ አንጠለጠላቸው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ቀለም መንካት የሌለበትን ሁሉ በፌስታልና በፕላስተር ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ነው ብሩሹን ለእኔ የሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ደራርቤ ስቀባ አጠገቤ ቆሞ "ቀጭን አድርጊው" እያለ ነዘነዘኝ። እጁ አንድም ነገር አልረሳም ነበር። በከንቱ ስጨነቅ ከረምኩ ብዬ ደስ አለኝ።

አባቴ አንድ ልማድ አለው። ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ ከብሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የምትሻገር ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ያሰምርበታል። መስመሯ ካለች ብሎኑ ጠብቋል ማለት ነው፤ ከተዛነፈች ደግሞ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ተማሪ ሳለሁ የጥፍር ቀለሜ ሲጠፋ የምፈልገው በሰው መኪና ሥር ነበር። የሰፈራችን ሰው ፍሬን ካሠራ "መስመሯን አድርገውባታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ከተባለ አገር ሰላም ብሎ ይነዳል። ሁልጊዜ የሚጠቀመው ቀይ ነው። የእኔ ካሊፐር ራሱ ቀይ ሊሆን ስለሆነ መስመሩ አይታይም ብሎ ነጭ አስገዛኝ። ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሄጄ አመጣሁለት።

እሑድ ጠዋት ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ካሊፐሮቹን መልሶ ገጠማቸው። እኔ ጎማዎቹን እያጠብኩ ነበር። ጨርሻለሁ ብሎኝ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ እኔ ፎቶ ላነሳ ተንበረከክሁ። ቀዩ ላይ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆ ስላየሁ በጥፍሬ ላነሳው ነካሁት። ካሊፐሩ ተነቃነቀ። ሁለቱም ብሎኖች ላይ ነጯ መስመር ቀጥ ብላ ተሰምራለች። የላይኛውን ብሎን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ ዞረ። የታችኛውም ዞረ። መስመሩ ገና ስላልደረቀ ነጩ ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ።

ፈራሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቁልፉን አንስቼ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሐሳቤ አጥብቄ፣ መስመሩን አድሼ፣ ዝም ለማለት ነበር። ከዚህ በኋላ ከኋላው እየተከተልኩ አጠብቃለሁ፣ እሱም አያውቅ፣ ሰውም አያውቅ ብዬ ወስኜ ነበር። ሳልጨርስ ጎረቤታችን ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴ እንዲህ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ የፊት ፍሬን ሸራ ቀይሮለታል። ከደቡብ መጥቶ እዚህ የኖረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ለቡ ወዳለው ቸርቹ ይሄዳል። ያን ዕለት ጠዋትም እንደ ልማዱ በራችን ላይ ክላክስ አድርጎ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ።

"አባዬ፣ ይሄ አልጠበቀም" አልኩት።

ተቆጣ። "መስመሩን አታዪም? መስመር ካለበት ጠብቋል።"

"አንተው ዳስሰው።"

እጁ ሳይደርቅ መጥቶ ተንበረከከ። እኔ ያልደረስኩበትን ብሎን በጣቱ አዞረው። መለሰው፣ እንደገና አዞረው። ተነስቶ በሌላኛው ጎማ በኩል ያሉትን ሞከረ፤ እነሱ ጠብቀዋል። ይህ ይባስ አስፈራኝ። አንዱን ወገን አጥብቆ አንዱን ረስቷል፣ መስመሩን ግን ለሁለቱም አስምሯል። እኔ ነኝ የፈታሁት ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን ፍሬን እንደሠራና ሰውየው አሁን ከነቤተሰቡ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገርኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስልኬን አምጪልኝ አለ።

ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አይነሳም። አምልኮ ላይ ሆኖ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ በለቡ መንገድ አሸዋ ጭነው የሚከንፉት መኪኖች ግን ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። በአራተኛው ተነሳ። አባቴ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። "ልጄ፣ መኪናዋን ካቆምክበት እንዳታንቀሳቅሳት። ፍሬንህን ሳላጠብቅ ሰጥቼህ ይሆናል" አለው። ሰፈሩ ሁሉ ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ሰው ይህንን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

የእኛዋ መኪና ያለ ጎማ ስለቆመች ሚኒባስ ተሳፈርን። ቱታውን አልቀየረም፤ ቁልፎቹን በፌስታል አድርጎ ጭኑ ላይ ይዟቸዋል። ለቡ ልንደርስ ስንል፣ ነገር እየረሳሁ መሆኑን አውቀሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ትንሽ አልኩት።

"ቀለም እንቀባ ያልሽኝ ለዚህ ነዋ" አለ።

ይህን ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጎረቤታችን ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ቸርቹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። መኪናዋን በራሱ ክሪክ አነሳናት፤ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አወጣን። በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ብሎን፣ በያንዳንዱ ላይ ቀይ መስመር። አባቴ ቁልፉን በመጀመሪያው ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው አልተነቃነቀም። ወደዚያኛው ጎማ ዞረን፤ ሦስተኛውም አራተኛውም እንደዚያው።

ጎረቤታችን በረጅሙ ተነፈሰ። በከንቱ አስደነገጡኝ እኮ ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ መቼ ይሳሳታል ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። ይህን ጉዳይ ዳግመኛ የማናነሳው፣ ሁሉም ነገር በዚያው የቀረልን መሰለኝ። አባቴ አልሳቀም። ከተንበረከከበት ሳይነሳ ቁልፉን ለእኔ አቀበለኝና ቀና ብሎ ሰውየውን አየው።

"ጠብቀዋል" አለው። "እኔ ግን ማጥበቄን አላስታውስም። ይህቺን መኪና መንካቴንም አላስታውስም። ልጄ ስትነግረኝ አምኜ ነው የመጣሁት።"