«አብሽሪ» ያልኩበት ቀን

ከኮምቦልቻ የወጣሁት ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጆቼ ተኝተው ነበር፤ ሀያት አራት ዓመቷ፣ አንዋር ገና ጡት መተዉ። ባለቤቴ ሰይድ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ከቀነሰ ወዲህ የሰው ዓይን ያሳፍረው ጀምሮ ነበር፤ እኔም ከልጅነቴ አይናፋር ነኝ። «አብሽሪ» ብቻ ብሎኝ ተለያየን።

ወሎዬ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። ለቅሶ ቤትም፣ ፈተና ለወደቀም፣ ልጇ ለታመመባትም እንለዋለን። ይህን ቃል ይዤ ለሰው ቤት ሥራ ሪያድ ገባሁ። ምነው ባልያዝኩት!

ሪያድ የተገለበጠች ደሴ ናት። ደሴ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ያንቀጠቅጥሻል፤ እዚህ በር ስትከፍቺ እሳት ፊትሽን ይልስሻል። ሩዙን ለመድኩት፤ ያለ ሰላምታ መጠራትን ግን አልለመድኩትም። በእኛ አገር ሰው ሊቆጣሽ እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ «እንዴት አደርሽ» ይልሻል። እዚህ ከሦስተኛ ፎቅ ስሜን «ያ ዘህራ!» ብሎ መጮህ ነው። በባዮሎጂ ተመርቄ ሦስት ፎቅ እወለውላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የወር አበባዬ አልቆም አለ። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ሆስፒታል ሄድኩ፤ አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም የምርመራውን ውጤት አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጅ አለሽ?»

«ሁለት።»

«አልሐምዱሊላህ በይ። ዕጢ ማህፀንሽን ይዞታል፤ ማህፀኑ መውጣት አለበት። እሑድ ጠዋት።»

«ቢቆይስ?»

«አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቀሽ ትቀሪያለሽ።»

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ለሰይድ ደወልኩ። «ገራዶ እናቴ ዘንድ ወጥቼ ላማክራት» አለ።

«ማህፀኑ የእናትህ ነው?» አልኩት። በትዳራችን ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እውነትሽን ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት አንቺን ነው፤ ኦፕራሲዮን ግቢ» አለኝ።

አሠሪዬ እሙ ሱልጣን ቀጠሮዬን የሰማችው ቅዳሜ ነው። ልጇን ልትድር አሥር ቀን ቀርቷታል። ሶፋው ላይ ተዘረረች። «ያን ሁሉ እንግዳ ማን ያስተናግድልኛል? ከሠርጉ በኋላ አድርጊው!» ብላ አለቀሰች። እውነተኛ እንባ ነው። እኔ ሞኟ አዘንኩላት፤ እጇን ይዤ «አብሽሪ ማዳም፣ አብሽሪ» አልኳት።

እንባዋ ወዲያው ደረቀ። ግንባሬን ሳመችና ስልኳን አነሳች። ሆስፒታል ደውላ ቀጠሮዬን ሰረዘች።

«ምን አደረግሽ?»

«ራስሽ አብሽሪ አላልሽኝም?»

ለካ እነሱ ዘንድ አብሽሪ ማለት «እሺ፣ ያልሽው ይፈጸማል» ማለት ነው። ሹፌሩን ዕቃ ግዛ ስትለው «አብሽሪ» ሲላት፣ ምን ደርሶባት ነው የሚያጽናናት እል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ!

«እኛ አገር አይዞሽ ማለት ነው» አልኳት።

«ያልሽው ግን እኔ አገር ነው» አለች።

የዚያን ቀን ሳህኖቹን እያጋጨሁ አጠብኩ። ያናደደኝ ቃሉን አለማወቄ አይደለም። ደሜ እየፈሰሰ፣ ጤነኛዋን ሴት አይዞሽ ማለቴ ነው። እሷ ደግሞ እኔን ማን አይዞሽ እንደሚለኝ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳልሠራ መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አይቶ «ተሰርዟል» አለኝ።

«ማን ሰረዘው?»

«አሠሪሽ።»

«የሚወጣው ማህፀን የማን ነው ይላል?»

እኔን አየ፤ ኮምፒውተሩን አየ። «ያንቺ።»

«እኔ አልሰረዝኩም።»

«እሷ ካልደወለች አልችልም፤ ሂጂ።»

«እንግዲያው እዚሁ እደማለሁ» አልኩና መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰው ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምመኘው እኔ፣ ንቅንቅ አላልኩም።

ጸሐፊው ሐኪሟን ጠራት። የቀዶ ጥገና ፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ «ሥራሽን ታጫለሽ» አለችኝ በቀስታ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ስልኬ ጮኸ፤ እሙ ሱልጣን ናት። አጠፋሁት። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።