የካውያው ቀይ መብራት

ታላቅ እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ደንበኞቿ «እትዬ ሜትር» ይሏታል። አምና የምትሠራበት ሱቅ ለፎቅ ግንባታ ሲፈርስ ሁላችንም «በቃ፣ አሁንስ ታርፋለች» አልን። እሷ ያጠራቀመችውን ይዛ ሄደችና የተማሪ ማመላለሻ የነበረ አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ መጣች። ወንበሮቹን አስነቅላ አልጋ፣ የስፌት መኪናዋንና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አስገባችበት። እዚያው ልትኖር፣ እዚያው ልትሰፋ። ፍሪጇ የቅንጦት አይደለችም፤ እህቴ ስኳር ስላለባት የምትወጋው መድኃኒት ሙቀት አይወድም።

ልጇ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ከቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ፣ አልጋ አንጥፎ ይጠብቃታል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥሩነቱ ግን አንዳንዴ ያንቃል።

«እማዬ፣ መብራት ከየት ልታመጪ ነው?» አላት።

«ከፀሐይ። ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ» አለችና ወረቀቷን ዘረጋች።

አየውና ሳቁ አመለጠው። ፍሪጁ በቀን አሥር ደቂቃ ይሠራል ብላ ጽፋለች።

«በቀን ሁለቴ ነው የምከፍተው፤ ምን ያስቅሃል?»

«እማዬ፣ ፍሪጅ ተዘግቶም ይሠራል እኮ። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ እየተኛ ነው የሚያድረው።»

እሱ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ፊቷ ጠቆረ። እሱ ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ የየዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ያባዛ ጀመር። የስፌት መኪናው አራት መቶ፣ መብራቱ አርባ፣ ፍሪጁ ሦስት መቶ ስድሳ። ካውያው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ሲሰካ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ድምሩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ መጣ።

«ጣሪያሽ ከሦስት የፀሐይ ፓነል በላይ አይችልም። አቧራውና ሙቀቱ ሲቀነስ በቀን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብታገኚ ነው። ካውያውን ተይው፤ ያለዚያ ክፍሉ ዝግጁ ነው።»

ካውያ የሌለው ልብስ ሰፊ ምን ሊባል ነው? ያልተተኮሰ ኮት ማን ይለብሳል? ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። እንግዲህ አለቀላት አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ካውያዋን ታቅፋ እኔ ቤት መጣች።

«እህቴ፣ ፍሪጁ የተኛ መስሎ የሚሠራ ከሆነ፣ ይኼኛውስ የሚሠራ መስሎ ቢተኛ?»

የካውያዋ ቀይ መብራት ሲበራ ካውያው ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል፤ ሲጠፋ ያርፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቧ ሲበራና ሲጠፋ ኖሮ ልብ ብላው አታውቅም። የሱቁ ኪራይ መብራትን ስለሚጨምር፣ ካውያው ከጠዋት ተሰክቶ ነበር የሚውለው። አሁን እሷ ስትተኩስ እኔ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ከሁለቱ ሰዓት የበራው አንድ ሰዓት ከአሥር ብቻ ሆነ። «ገና ነው» አለች። በሚቀጥለው ቀን ስፌቱን ሁሉ በካውያ ፈንታ በአውራ ጣት ጥፍሯ እያሸች አስተኝታ አቆየችና እኩለ ቀን ላይ ባንድ ትንፋሽ ተኮሰችው። የበራው አርባ ደቂቃ ብቻ። ድምሩ ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ወረደ። በዚያ ላይ ሩቡን ጨመረችበት፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ለስፌት ትርፍ ሳትተው ቆርጣ አታውቅማ። ሁለት ሺህ፤ ፓነሎቹ ከሚሰጡት ሁለት ሺህ አንድ መቶ በታች።

ልጇ ወረቀቱን ሦስቴ አገላበጠው።

«ወረቀት ላይ ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ደመና ሲሆንስ?»

«ካውያ የለም። ባትሪው ለሌሎቹ ዕቃዎች ሦስት ቀን ይበቃል።»

«አሥር ቀን ሞክሪው። አንድ ቀን መድኃኒቱ ከሞቀ ግን ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ» አለች፤ እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ አልደነገጠችም።

ሰባቱ ቀን በደህና አለፈ። በስምንተኛው ሰማዩ በደመና ተደፈነ። በዘጠነኛውም እንደዚያው። በአሥረኛው ጠዋት አንድ ጠበቃ ኮቱን ሊወስድ መጣ።

«ተሰፍቷል፤ አልተተኮሰም» አለችው። «ፀሐይ ስትወጣ ይመለሱ።»

«ነገ ችሎት አለኝ። ካውያው ይኸው አጠገብሽ፤ አንዴ ብታሳልፊበት ምን አለበት?»

«ዛሬ አይሰካም አልኩ እኮ።»

ብዙ ለመናት፣ ተቆጣትም። ካውያውን ዞራ አላየችውም። እኔ ብሆን እሰካው ነበር፤ ደንበኛ ከእጅ ሲወጣ ማየት አልችልም። ሰውዬው ኮቱን ትቶላት እያጉረመረመ ሄደ።

ከሰዓት ልጇ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ፍሪጇን ከፍቶ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በመዳፉ ያዘ። ቆየ። ከዚያ ጉንጩ ላይ አደረገው፤ ልጅ እያለ የሞቀ ወተት እንዲህ ነበር የሚሞክረው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታም ቅሬታም ነበር። «ክፍሉንስ ምን ላድርገው?»

«እንግዳ አሳድርበት። እኔም እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፤ አንኳኩቼ እገባለሁ፣ ስፈልግ እወጣለሁ።»

ልጇ ኮቱን አወለቀና የተተረተረውን እጅጌ አሳያት።

«እዚያ ስቀለው» አለችው፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች። «ከጠበቃው ቀጥሎ ተራህ ነው።»