ዞር ብዬ የተነሳኋቸው የዒድ ፎቶዎች

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የዒድ ፎቶዎቼ በተርታ ተሰቅለዋል። በሁሉም ላይ ፊቴ ዞሮ ቀኝ ጉንጬ ብቻ ይታያል። ግራው መንጋጋዬ ከተወለድኩ ጀምሮ አጭር ነው፤ አገጬንም ወደ ራሱ ይስበዋል።

አስተማሪ ነኝና ላስረዳ። በሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ ተወስጄ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሞቹ አጭሩን አጥንት ቆርጠው በሁለቱ ቁራጮች መካከል ብሎን ያለው ትንሽ ብረት አሰሩ። ብሎኑ በየቀኑ በጥቂቱ ሲዞር ቁራጮቹ ይራራቃሉ፤ ክፍተቱን ሰውነት ራሱ በአዲስ አጥንት ይሞላዋል። የብሎኑን ቁልፍ የምታዞረው እናቴ፣ ኡሚ፣ ነበረች። ጭኗ ላይ አስተኝታኝ አገጬን በሁለት ጣቶቿ ትይዝና "ቢስሚላህ" ብላ ታዞራለች። እኔ እጮሃለሁ፤ እንባው ግን የእሷ ነበር። ብረቱ ሲወጣ አገጬ መሀል ላይ ሆነ። ኡሚ መስታወት ፊት አቁማኝ "ማሻአላህ፣ ተስተካከለልኝ!" አለች።

የዚያ ዓመት ዒድ ሲደርስ ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት ያለውን ሰውዬ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በሶማልኛ "አብቲ" እንለዋለን፤ አጎቴ ማለት ነው። ጠባሳውን ሲያይ አዘነልኝ።

"አቦ ዞር በይ፣ ቆንጆ! የዒድ ጨረቃ እንኳ ግማሿ ነው የሚታየው!"

ሳቅን። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ማንም ሳያዘኝ ዞር እላለሁ።

ቀዶ ጥገናው አጥንቱን ያስረዝመዋል እንጂ ማደግን አያስተምረውም። ለተማሪዎቼ ቢሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አብረው ከሚሄዱ ሁለት ልጆች አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር፣ አዝላችሁ ጓደኛው ጋ ታደርሱታላችሁ፤ ስታወርዱት ግን በራሱ እግር ነው የሚሄደው። ቀኙ መንጋጋዬ መንገዱን ቀጠለ፤ ግራው እንደገና ቀረ። በየቀኑ የሚያዩኝ ሰዎች ለውጡን አላስተዋሉትም፤ ፎቶዎቹም አያሳዩም። እኔም ብሆን የመጀመሪያ ክፍሌን ላስተምር ስገባ አንዲት ተማሪ ከኋላ "ቲቸር ማስቲካ ጎርሳለች እንዴ?" ስትል ነው በትክክል ያወቅሁት።

ባለፈው ክረምት ከኡሚ ጋር በባቡር አዲስ አበባ ሄድን። የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛና የመጨረሻ ቀዶ ጥገና። ሐኪሟ ራጁን አይታ "መመለስ የጀመረው መቼ ነው?" አለች። ኡሚ በፌስታል ጠቅልላ ያመጣቻቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት።

"ፊት ለፊት የተነሳሽው የለም?"

የለም።

"ያኔ ባመጣት ኖሮ?" አለች ኡሚ።

"እናቴ፣ ቢታይም ይመለስ ነበር። በልጅነት የተሠራ በብዙዎቹ ላይ ይመለሳል። እየተከታተልን ጥርሷን በማስተካከያ ብረት እናግዝ ነበር እንጂ…"

ሐኪሟ አልጨረሰችውም። ወደ እኔ ዞራ ቀጠለች። አጥንቱ ቀጭን ነው፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቋል፤ እንደገና ከተነካ የፊቴ ግራ ጎን ሽባ ሊሆን ይችላል። "ባይነካ ይሻልሻል" አለች። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እሱም ያንኑ አለን።

ስንመለስ፣ ድሬ ልንደርስ ስንል ኡሚ "ቁልፉን አሳስቼ አዙሬው ይሆን?" አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። ሁለት እጆቼን ዘርግቼ፣ አንዱን ቶሎ ሌላውን ቀስ እያስኬድኩ አስረዳኋት። ከዚያ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም።

"ገባኝ" አለች።

ይህን "ገባኝ" ከክፍል አውቀዋለሁ። ያልገባው ተማሪ፣ አስተማሪው እንዲተወው የሚለው ነው።

ለዒድ እንደ ልማዳችን አብቲ ጋ ሄድን። ወንበሩ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ አልዞርኩም። አብቲ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ኡሚን አያት። ኡሚ መጥታ አገጬን በሁለት ጣቶቿ ያዘች።

"ቢስሚላህ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ዞርኩላት።