ካርታ ላይ ያልሰፈረው መንደራችን

ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ የጂኦግራፊ መምህራችን የትውልድ ቦታችንን ከትልቁ ካርታ ላይ ፈልገን ስለ ሕዝቡና ስለ ታሪኩ አጭር መግለጫ እንድንጽፍ አዘዙን። ወገራን አገኘሁ፤ ወንዛችንንም አገኘሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ስሙ በጥሩ ፊደል ተጽፏል። የእኛ ግን የለም፤ ቦታው ባዶ ነው።

ለገና እረፍት አገሬ ስገባ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። ሳቀ።

«ይኖራል ብለህ ነው? እኛው አይደለን ያስቀረነው።»

ካርታ አንሺዎቹ በመጡ ጊዜ ሽማግሌዎቹ መክረው ኖሯል። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ መሬት የሚያይ ሰው ርስት ሊለካ እንጂ ለሌላ አይመጣም ብለው አመኑ። የመንደሩን ስም ሲጠየቁ የመለሰው አባቴ ነበር። «እዚህ መንደር የለም፤ ሁላችንም የማዶ ሰዎች ነን። እዚህ የምንውለው ለእርሻ ነው» አላቸው።

«ስሙ ከተጻፈ ግብሩም መጻፉ አይቀርም» አለኝ፤ ኩራት ይታይበት ነበር።

ማዶ ግን በመስከረም ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ታናሽ እህቴ ከቄስ ዘንድ ፊደል ለይታ ጨርሳለች፤ የምታወራው ስለ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ወንዙ ደግሞ ክረምት ከበጋ ጥልቅ ነው፤ ልጅ አያሻግርም። አባቴ «ለእኛም ይሠራልን» ሊል ጎንደር ወረደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ።

ፒያሳ አጠገብ ባለው የትምህርት መሥሪያ ቤት ጸሐፊው ካርታውን ዘረጋ።

«አያ፣ እዚህ ላይ እኮ መንደር የለም።»

«አለ እንጂ። የለም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ምነው?»

«ፈርተን ነዋ። አሁን በብዕርህ ጻፍበት።»

ጸሐፊው ፈገግ አለ። «የመንግሥት ካርታ ላይ እኔ ልጻፍ? ዛሬ አለ ብለው ነገ ደግሞ የለም ቢሉኝስ? ልጅዎን ማዶ ይላኳት።»

አባቴ ቤት ስንደርስ ቆርጦ ነበር። ወንዙ ካላሻገራት እዚያው ትኑር ብሎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እህቴን ለማዶ ሰው ልጅ ዳራት። እናቴ «ገና ልጅ ናት» ብትለው አልሰማትም። ውሉ ትማራለች የሚል ነበር፤ አማቷም በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ።

ለፋሲካ ሄጄ ስጠይቃት ጥጥ ትፈትላለች። ለምን ትምህርት ቤት እንዳልገባች አማቷን ጠየቅኋቸው።

«የቤቱ ሥራ ያልቅና ትገባለቻ» አሉኝ፤ «ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ይቅረባት?»

እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤቱ ከግቢያቸው አጥር ሥር ነው፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ እንዝርቷ ድረስ ይሰማል። አባቴ ሊጠይቃት የሚሻገረው አሁን ትምህርት በሌለበት፣ እሑድ እሑድ ብቻ ነው።